ከእንሰት ብብት የወጣው ባለ ጭራ

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ የዚህ ታሪክ ዋና ባለቤት በዓይን አይታይም። ሁለተኛዋ እናቴ ናት፤ እሷን ደግሞ አለማየት አይቻልም። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ስሜ ምሕረት ነው፤ ነገሩ ሲደርስብኝ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

ቤታችን ሶዶ ከተማ አልቃ የዳሞታ ተራራ ሽቅብ ከመጀመሩ በፊት ባለችው ተዳፋት ላይ ናት። ከፊት የቆርቆሮ በር፣ ከጓሮ እንሰት። አባቴ በቤሌ መንገድ ሚኒባስ ይነዳል፤ እናቴ እኛን ትነዳለች። እኔ በዚያን ጊዜ በትምህርት መካከለኛ፣ በክርክር አንደኛ ነበርኩ። አስተማሪዎቼ ስለ እኔ ሲጠየቁ "ጎበዝ ናት፣ ግን..." ብለው ይጀምሩና "ግን" ላይ ሲደርሱ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።

ትምህርት ቤታችን አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረው። እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ይኖራል፤ የሚገለጠው የተከበረ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። የባዮሎጂ አስተማሪያችን ቲቸር ማርቆስ ግን በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ስንት ለምነው አስወጡት። ቲቸር ማርቆስን ለማወቅ ግራጫ ኮታቸውን ማወቅ ይበቃል። በፀሐይም በዝናብም አይወልቅም፤ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። እኛ ተማሪዎች ኮቱን ለብሰው ነው የተወለዱት እንል ነበር።

"ነገ ሁላችሁም የቆመ ውሃ ይዛችሁ ኑ" አሉን። "ከኩሬም ይሁን ከቦይ። በዓይን የማይታየውን ፓራሚሲየም እናያለን። ያያችሁትን ትስላላችሁ፤ ማርክ አለው።"

ያያችሁትን ትስላላችሁ። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ዝናብ ጥሎ ሰፈራችን ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነበር። ኩሬ ድረስ ማን ይሄዳል? እኔ አልሄድም። እንሰት ያለው ሰው ያውቃል፤ ቅጠሉ ከግንዱ የሚለይበት ቦታ እንደ ሰው ብብት ጎድጎድ ያለ ነው፤ ሲዘንብ ውሃ ይይዛል። የሞተ ዝንብ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ አቧራ፣ ሁሉም እዚያ ተጠራቅሞ ይኖራል። ከጓሯችን ትልቁ እንሰት ብብት በማንኪያ እየቀዳሁ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞላሁ። ቀለሙ ሻይ ይመስላል፤ ሽታውን ተዉት።

ክፍል ውስጥ ተሰለፍን። ቲቸር ማርቆስ እያንዳንዱ ተማሪ ካመጣው ውሃ ጠብታ ያስቀምጣሉ፤ ተማሪው ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ቀጣይ። ከፊቴ የነበረው ልጅ ሲያይ ሰማሁት።

"አየህ?"

"አየሁ ቲቸር።"

"ምን አየህ?"

"ፓራሚሲየም ቲቸር።"

ወደ ወንበሩ ሲመለስ ጆሮዬ ላይ "ጥቁር ጸጉር ነው ያየሁት" አለኝ። የራሱን ሽፋሽፍት ነው ያየው። ክፍሉ ግማሽ ያህሉ የራሱን ሽፋሽፍት አይቶ ነው የተመለሰው። ግን ምን ችግር አለ? መጽሐፉ ላይ የጫማ ሶል የመሰለ የፓራሚሲየም ሥዕል አለ፤ ሁሉም ያንን ገልብጦ ማርኩን ሊወስድ ነው።

እኔም ጎነበስኩ። መጀመሪያ ብርሃን ብቻ ነበር። ቀጥሎ እንደ ክምር ገለባ ያለ ቆሻሻ። ከዚያ ከገለባው ሥር አንድ ነገር ወጣ።

እንዴት ልንገራችሁ? ባቄላ ይመስላል፤ ግን ብርጭቆ የሆነ ባቄላ። በአንድ ጎኑ ጎድጎድ ብሏል፤ እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ሽፋሽፍት የመሰሉ ጸጉሮች ይንቀጠቀጣሉ። የኔ ሽፋሽፍት አይደሉም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ገልጬ አረጋግጫለሁ። እየተሽከረከረ ይመጣል፣ ገለባ ይገጨዋል፣ ቆም ብሎ ያስባል፣ ወደ ኋላ ይሄድና አቅጣጫ ቀይሮ እንደገና ይገጫል። ከኋላው ደግሞ ጭራ አለው! ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ ዶሮ ላባ የቆመ ጭራ። ሲቆም ጭራው ይርገበገባል።

"በቃሽ፣ ቀጣይ" አሉ ቲቸር ማርቆስ።

"ቲቸር ጭራ አለው!"

"ቀጣይ አልኩ።"

እኔም ያየሁትን ሳልኩ። ባቄላውን፣ ጎድጓዳውን፣ ጭራውን። በማግስቱ ደብተሩ ሲመለስ ሁሉም ሙሉ ማርክ አግኝቷል። የኔ ላይ ትልቅ፣ ክብ፣ በቀይ የተጻፈ ዜሮ። ቲቸር ማርቆስ ሥዕሌን ከፍ አድርገው ለክፍሉ አሳዩት።

"እስቲ እዩልኝ። ፓራሚሲየም ጭራ አለው እንዴ?"

"የለውም!" አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ። ሽፋሽፍቱን ያየው ልጅ ከሁሉም በላይ ጮኸ።

"ፓራሚሲየም ነው አላልኩም ቲቸር። ያየሁትን ነው የሳልኩት።"

"መጽሐፉ ላይ አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ ከየት አመጣሽው?"

"ከእንሰት ብብት።"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ቲቸር ማርቆስ ግን አልሳቁም። እንደቀለድኩባቸው ነው የቆጠሩት።

"ምሕረት፣ ሰኞ ሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ወጥተሽ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት፣ 'ያላየሁትን ፈጥሬ ስያለሁ፣ ይቅርታ' ትያለሽ። ሳይንስ ተረት አይደለም።"

እውነቱን ለመናገር ሁላችንም እንዋሻለን፤ እኔም እዋሻለሁ። እናቴ ስኳር ማን በላ ስትል ስንት ጊዜ ዋሽቻለሁ። ግን ያን ቀን አልዋሸሁም። ሳልዋሽ ዋሽቻለሁ ብዬ ልዋሽ ነው? ሰኞ እስኪደርስ ጭራውን ለአንድ የታመነ ሰው ማሳየት አለብኝ፤ ያለዚያ እስክመረቅ ድረስ "ባለ ጭራዋ" ተብዬ መጠራቴ ነው።

ከትምህርት ቤት ወጥቼ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄድኩ። የበሩ ዘበኛ ዩኒፎርሜን አይቶ "ማንን ነው?" አለኝ።

"በማይክሮስኮፕ የሚታዩ እንስሳት የሚያውቅ ሰው።"

"ስሙ ማን ነው?"

"ስሙን ባውቅ አንተን እጠይቅህ ነበር?"

ይህን መልስ እንዴት እንደወደደው አላውቅም፤ ስቆ አስገባኝ። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየጠቆሙኝ ዶክተር ሶስና ዘንድ ደረስኩ። ወጣት ናት፤ ከአዲስ አበባ መጥታ የምታስተምር፤ ነጭ ጋዋኗ ላይ የሽሮ ጠብታ ያለባት። ሥዕሌን ሰጠኋት። አየችው። አዙራ አየችው። መነጽሯን አውልቃ አየችው።

"ይሄን ከየት ገለበጥሽው?"

"አልገለበጥኩትም" አልኩና፣ ምን ልዋሻችሁ፣ እንባዬ መጣ። ሁሉንም ነገርኳት።

"ቆይ፣ ቆይ፣ አታልቅሺ። እነዚህ ባለ ሽፋሽፍት ናቸው። ሰውነታቸው ሙሉ አንድ ሴል ነው፤ በሽፋሽፍታቸው ይዋኛሉ፣ በሽፋሽፍታቸው ይበላሉ። ባቄላ የሚመስሉትን አውቃለሁ። ይሄ ጭራ ግን..." ሥዕሉን ደግማ አየችው። "ውሃው አለሽ?"

"ቤት አለ። የእንሰቱም ብብት ሙሉ ነው።"

"ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ክዳኑን ላላ አድርጊው፤ አየር ይፈልጋሉ። ማንም እንዳይነካው።"

ማንም እንዳይነካው! ይህን የምትለው እናቴን ስለማታውቃት ነው።

ለቲቸር ማርቆስም በማግስቱ ነገርኳቸው። "እኔም እመጣለሁ፤ ይለይልን" አሉ። ፊታቸው ላይ ድል ይታይ ነበር።

አሁን ስለ እናቴ። በዚያ ዘመን የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች በየቤቱ እየዞሩ ሽንት ቤት ቆፍሩ፣ እጅ ታጠቡ፣ ውሃ አጣርታችሁ አፍልታችሁ ጠጡ እያሉ ያስተምሩ ነበር። ሁሉን የፈጸመ "ሞዴል ቤተሰብ" ተብሎ ይመረቃል። እናቴ ከሰፈራችን ሴቶች ቀድማ የተመረቀች ናት። ሰርተፍኬቷ ሳሎን ውስጥ፣ ከቅድስት ማርያም ሥዕል ዝቅ ብሎ፣ ከአባቴ ፎቶ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ዓርብ ማታ፣ "እማዬ፣ ነገ ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ዶክተር ውሃችንን በማይክሮስኮፕ ልታይ ትመጣለች፤ አልጋዬ ሥር ያለውን ጠርሙስ ነው" ብያት ተኛሁ። ምን እንዳሰበች ልብ በሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ዶክተር ሶስናን ለመቀበል ወደ አስፋልቱ ወረድኩ። በባጃጅ መጣች፤ ማይክሮስኮፗን በብርድ ልብስ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። ወደ ቤት ስንደርስ ከጓሮ የሴቶች ሳቅና የቢላ ድምፅ ሰማሁ። ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

ታላቅ እህቴ ጽጌ ከወለደች ገና ሳምንቷ ነው። ለአራስ ከእንሰት የሚወጣ ቡላ ያስፈልጋል። እናቴና አክስቴ አልማዝ ጎረቤቶችን ጠርተው እንሰት እየቆረጡ ኖሯል። የትኛውን? ትልቁን! መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ቅርፊቱ ተገሽልጦ ሴቶቹ ሳንቃ ላይ ደግፈው በእግራቸው ይዘው ይፍቃሉ። የብብቱ ውሃ በሙሉ አፈር ጠጥቶታል።

"ግዴለም" አልኩ ለራሴ፣ "ጠርሙሱ አለ።"

ያኔ እናቴ ከቤት ወጣች። ቀሚሷን ቀይራለች። እጇ ላይ የእንግዳ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ የእንግዳ ብርጭቆ፣ ብርጭቆው ውስጥ እንደ መስታወት የጠራ ውሃ።

"እንኳን ደህና መጡ ዶክተር። ውሃው ይኸውና። እኛ ቤት የቆሸሸ ውሃ አይጠጣም፤ የልጅ ነገር ነው፤ ከየት እንደቀዳችው እንጃላት። በደንብ አጥልዬ፣ እስኪንተከተክ አፍልቼዋለሁ። እንደፈለጉ ይመርምሩት።"

ዶክተር ሶስና ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ አየች።

"እማዬ! ገደልሻቸው!"

"ማንን?"

"እንስሳቱን!"

"ታዲያስ? ውሃ የሚፈላው ሊገደሉ አይደለም እንዴ? አንቺ ደግሞ ሰው ፊት!"

እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ? ልክ ናት። ለግድግዳው ሰርተፍኬት ስትል ባለ ጭራዎቼን ቀቅላ በሳህን አቀረበችልኝ።

በዚህ መሃል ከጓሮው አጥር ውጭ ግራጫ ኮት ብቅ አለ። አክስቴ አልማዝ ቀድማ አየችው።

"ወንድ!" ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ሁሉ ቀሚሳቸውን ወደ ታች ሳቡ። በኛ አገር ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ ድርሽ አይልም፤ እግር ተገልጦ፣ ቀሚስ ተሰብስቦ የሚሠራ ሥራ ነው፤ አባቴ እንኳን በጠዋት ሚኒባሱን አስነስቶ ቤሌ የሄደው ለዚሁ ነው። ቲቸር ማርቆስ ግን በፊት ለፊቱ በር ሲያንኳኩ የሚከፍት አጥተው በጓሮ ዞረው ነው የመጡት።

አክስቴ በወላይትኛ ስትናገር ገጣሚ ናት፤ አማርኛዋ ላይ ግን ሴቱንም ወንዱንም፣ ዶክተሩንም ዶሮውንም "አንተ" ነው የምትለው።

"አንተ ማን ነህ? ሚስት የለህም? እናት የለህም? ምን ታያለህ?"

"አስተማሪ ነኝ እትዬ፤ ለትምህርት ጉዳይ..."

"የማንን እግር ልትማር?"

ሴቶቹ ፈነዱ። ቲቸር ማርቆስ ከአጥሩ ኋላ ወደ ላይ ሰማዩን እያዩ፣ "ምሕረት! ጭራው የታለ?" አሉ።

"ፈልቷል ቲቸር።"

"አልኩሽ አይደል! ሰኞ እንገናኛለን።"

ሰኞ ታየኝ። ሰንደቅ ዓላማው ሲወጣ፣ ተሰልፈው ሲያዩኝ፣ ሽፋሽፍቱን ያየው ልጅ ፊት ቆሞ ሲስቅ። እዚያው የእንሰት ቅርፊት ላይ ቁጭ አልኩ።

ዶክተር ሶስና ግን ወደ እናቴ ዞረች።

"እናቴ፣ ሳይፈላ በፊት ነው ያጠለሉት?"

"እንዴታ! መጀመሪያ ማጥለል፣ ቀጥሎ ማፍላት። እንዲያ ነው የተማርነው።"

"በምን አጠለሉት?"

"በነጠላዬ፣ አጥፌ፣ ደርቤ።"

"ነጠላዋ ታጥባለች?"

እናቴ ደነገጠች። ይህ ጥያቄ ከሞዴልነት ሊያስወርዳት ነው። "ዛሬ... አራስ ቤት እኮ ነው ዶክተር። ማታ አጥር ላይ ጣልኳት፤ ልትታጠብ ነው፣ አሁን አሁን..."

"አልታጠበችም!" አለች ዶክተር ሶስና። ያን ያህል ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። እጄን ያዘችኝ። "ስሚኝ። በእንሰት ብብት የሚኖር ነገር ዝናብ ሲቆም ይደርቅበታል አይደል? ታዲያ ዝም ብሎ አይሞትም። ውሃው ሲያልቅ ይጠቀለልና ቅርፊት ሠርቶ ይተኛል። ውሃ ሲያገኝ ይነሳል። ነጠላዋ ላይ የቀረው ዝቃጭ ውስጥ የተኙ ይኖራሉ። ሩጪ!"

ሮጥኩ። አጥሩ ላይ ነጠላ የለም። ወዲያ አየሁ፣ ወዲህ አየሁ። ከዚያ አየኋት። አክስቴ አልማዝ ወገብ ላይ ታስራለች። መሃሏ ላይ ቡናማ ክብ አላት፤ በትክክል ከአክስቴ መቀመጫ ላይ።

"አክስቴ፣ ነጠላዋን ስጪኝ!"

"አልፈታም።"

"ለትምህርት ነው! ሰኞ ልዋረድ ነው!"

"እንሰቱን ስንጥል ቀሚሴ ከኋላ ተቀደደ። አጥር ላይ አስተማሪህ ቆሟል። አንተ እንዳትዋረድ እኔ ልዋረድ?"

ልክ ናት። በዚያ ቀን ሁሉም ሰው ልክ ነበር፤ ችግሩም እሱ ነው። እናቴን ሌላ ነጠላ አምጪ ስላት ያላት የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋ ብቻ ነው፤ "እሷ ለእንሰት? ሞቼ ነው!" አለች። አራሷ እህቴ ከውስጥ "የኔን ጋቢ እንዳትነኩ!" ብላ ጮኸች። ቲቸር ማርቆስን ይሂዱልን ብንላቸው "ሳይለይልኝ ንቅንቅ አልልም" አሉ።

በመጨረሻ ዶክተር ሶስና ወደ አጥሩ ሄደች። "መምህር፣ እንዲለይልዎ ይፈልጋሉ?"

"በጣም እንጂ።"

"እንግዲያው ኮትዎን ይስጡኝና ፊትዎን ወደ ዳሞታ ያዙሩ።"

ተራራውን አዩ፤ ኮታቸውን አዩ። ከዚያ፣ አምላኬ ምስክሬ ነው፣ አወለቁት! አጥፈው፣ አጥሩን አሻግረው ሰጧትና ፊታቸውን ወደ ዳሞታ አዙረው እንደ ወታደር ቆሙ። አክስቴ ነጠላዋን ፈታች፤ ግራጫውን ኮት እጅጌውን ከፊት ቋጥራ ወገቧ ላይ አሰረች። ሴቶቹ እልል አሉ።

"አማረብኝ?"

"ባል አገባሽ!" አሉ።

የእንሰት ጭማቂ ልብስ ከነካ እንደማይለቅ ለቲቸር ማርቆስ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ዶክተር ሶስና መጀመሪያ ከእናቴ ብርጭቆ አንድ ጠብታ በማይክሮስኮፗ አየች። "ምንም የለበትም። ንጹሕ ነው።"

"አላልኩም?" አለች እናቴ ለጎረቤቶቿ።

"ደግሞ ጠቀመን" አለች ዶክተር ሶስና። "ነጠላዋን በዚህ ውሃ ነው የምንዘፈዝፈው። የሚወዱት የእንሰት ጣዕም አለው፤ ሌላ ነገር ግን የለበትም። የሚንቀሳቀስ ነገር ካየን ከነጠላዋ ተነሣ እንጂ ከውሃው አልመጣም።"

እናቴ ይህን በወላይትኛ ተርጉማ ለሁሉም ነገረች፤ ስትተረጉመው ግን ዩኒቨርሲቲው የሷን ውሃ ብቻ እንደሚጠቀም አስመስላ ነው።

ቡናማውን ክብ ሳህን ላይ ዘረጋነው፤ ውሃውን አፈሰስንበት። ከዚያ መጠበቅ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አየች፤ የለም። ዝናብ ጀመረ፤ ሴቶቹ መፋቁን ትተው ተጠለሉ፤ ቲቸር ማርቆስ በሸሚዛቸው ቀሩ፤ እናቴ አዘነችላቸውና በፊት ለፊት በር አስገብታ ከቆርቆሮው ሥር አስቀመጠቻቸው፤ የተቀቀለ አሚቾ በዳጣ ሰጠቻቸው። የእንሰት ሥር መሆኑ ነው አሚቾ፤ ዳጣው ደግሞ ያስለቅሳል። እያለቀሱ በሉ። ዶክተር ሶስና እንደገና አየች፤ የለም።

"ቢገኝስ ዶክተር" አሉ ቲቸር ማርቆስ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "አዲስ ዓይነት መሆኑ በምን ይታወቃል?"

"ረጅም ሥራ ነው። መጀመሪያ በሕይወት እያለ አዋዋኙን ማየት። ከዚያ በብር ቀለም ነክሮ የሽፋሽፍቱን ረድፎች መቁጠር፣ አፉ የት እንዳለ፣ በምን እንደተከበበ መሳል። አስኳሎቹን ማየት፤ እነዚህ ሁለት ዓይነት አስኳል አላቸው። ትልቁ የዕለት ሥራ ይሠራል፤ ትንሹ ለዘር ጊዜ ብቻ ነው የሚፈለገው።"

እናቴ ለአክስቴ ተረጎመችላት። አክስቴ ቢላዋን አስቀመጠች።

"አውቄዋለሁ። ትልቁ እኔ ነኝ። ትንሹ ባሌ ነው።"

ዝናቡ እንኳን የሴቶቹን ሳቅ አልሸፈነውም። ቲቸር ማርቆስ አሚቾው ትን አላቸው።

"ከዚያ" አለች ዶክተር ሶስና ሳቋን ይዛ፣ "ከዚህ በፊት ሰዎች የጻፉትን ሁሉ ማንበብ ነው። አዲስ ነው ለማለት ከሚመስሉት ከአንዳቸውም ጋር አንድ አለመሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል።"

ሦስተኛ ስታይ ፊቷን አየሁ። የለም። ትከሻዬን ነካች። እኔም በሆዴ መለማመድ ጀመርኩ፤ "እኔ ተማሪ ምሕረት፣ ያላየሁትን ፈጥሬ..." ከዚህ ማለፍ አቃተኝ። አላለፈም። ያኔ ነው የገባኝ፤ ሰኞ ብወጣም አልለውም ነበር።

ዝናቡ አባራ። ሴቶቹ ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ዶክተር ሶስና ከሳህኑ ጥግ፣ ከዝቃጩ ጠርዝ፣ አንድ ጠብታ ወሰደች። ጎነበሰች። ቆየች። በጣም ቆየች። ከዚያ ሳትነሣ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ በአየር ላይ ፈለገችኝ።

"ነይ።"

ጎነበስኩ። ብርሃን። ገለባ። የነጠላዋ ክር እንደ ገመድ ተጋድሟል። ከክሩ ሥር አንድ ብርጭቆ ባቄላ እየተሽከረከረ መጣ፤ ክሩን ገጨ፤ ቆመ፤ አሰበ። ጭራው ተርገበገበ።

ጮህኩ። እናቴ "ምን ሆነች?" ብላ ሮጠች፤ አራሷ ሳትቀር ወጣች። ቲቸር ማርቆስን ጎተትኳቸው። ጎነበሱ።

"አየሁ" አሉ። "ጥቁር ጥቁር ጸጉር..."

"ቲቸር፣ እሱ የራስዎ ሽፋሽፍት ነው። ዓይንዎን ራቅ ያድርጉት።"

ራቅ አደረጉ። እጃቸው የሌለውን የኮት ቁልፍ ፈለገ።

"ጭራ አለው" አሉ በቀስታ። ከዚያ እንደ ልጅ፦ "ወደ ኋላ ሄደ! አያችሁ? ገጭቶ ወደ ኋላ ሄደ!" ቀና አሉ። "እኔ ስማር ማይክሮስኮፕ አልነበረም። ከሰሌዳ ነው የገለበጥነው። ሲንቀሳቀስ ሳየው ይኸ የመጀመሪያዬ ነው።" ወደ ዶክተሯ ዞሩ። "ስሙ ማን ይባላል?"

ዶክተር ሶስና ፈገግ አለች፤ ጥርሷ ሁሉ ታየ።

"አላውቅም" አለች። "ደስ አይልም?"

ሰኞ ሰንደቅ ዓላማው ወጣ። ቲቸር ማርቆስ ኮት አልለበሱም፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ከመዝሙሩ ይልቅ ሸሚዛቸውን ያያል። "ምሕረት፣ ውጪ" አሉ። ወጣሁ።

"ይህች ልጅ ያየችውን ነው የሳለችው" አሉ ለሰልፉ። "ስለዚህ የሷ ዜሮ ተሰርዟል። ሌሎቻችሁ ያላያችሁትን ስላችኋል። ስለዚህ የሷ ዜሮ ለእናንተ ተላልፏል። ዛሬ ከሰዓት እንደገና ታያላችሁ፤ ሽፋሽፍት የሳለ ይቀጣል።"

እንዲህ ሆኜ ነው ከውርደት የዳንኩት። በዚያች ደቂቃ ክፍሉ በሙሉ ጠላኝ፤ ሽፋሽፍቱን ያየው ልጅ እስከ ክረምት አላናገረኝም። "ባለ ጭራዋ" የሚለው ስምም አልቀረልኝም። ግን ስጠራበት ዞር እላለሁ፤ ስሜ ነው።

ባለ ጭራው ራሱ እስካሁን ስም የለውም። ዶክተር ሶስና ስንት ጊዜ በብር ነክራ፣ ስንት ረድፍ ቆጥራ፣ ሩቅ አገር ለሚኖሩ ሰዎች ሥዕል ልካ፣ የሚመስለው አንድ አለ፤ የሚለይበትም ነገር አለ ብላኛለች። "ምናልባት" ነው የምትለው። ድሮ "ምናልባት" የሚል ሰው ያናድደኝ ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደኔ "ጎበዝ ናት፣ ግን" የሚባልላችሁ፦ እኔ ከዚያ ቀን በፊት የተማረ ሰው ማለት ሁሉን የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህም መማር ያስፈራኝ ነበር፤ ሁሉን ማወቅ እንደማልችል አውቃለሁና። ያን ቀን ግን አንዲት የተማረች ሴት ከእናቴ ነጠላ ክር ሥር የወጣ ነገር አይታ "አላውቅም" ስትል ፊቷ እንደ ሙሽራ በራ። እኔም ያንን ፊት ፈለግኩ። አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ፤ የተፈጥሮ ሳይንስ መርጫለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈሩ እንሰቶች ብብት ውሃ እየቀዳሁ ለዶክተር ሶስና እወስዳለሁ። ሰፈራችን አብዳለች ይላል። ይበል።

ነጠላዋን ዶክተር ሶስና ቆርጣ ልትወስድ ብትል እናቴ መች ልታስቆርጣት! "ከወሰዱ ሙሉዋን ይውሰዱ" አለቻት። አሁን ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ፣ ከነእድፏ፣ በከረጢት ተጠቅልላ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። እናቴ ገበያ ውስጥ የሚያውቃትን ሁሉ እያስቆመች ትናገራለች፦

"ነጠላዬ እኮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ልጄ ገና ናት።"